ምክር ቤቱ በጀት አጽድቋል፤ የትምህርት ቤቱን የእድሳት ውል ግን ማን ያጸድቃል?

ጥያቄው የደረሰኝ ከሰሜን ሸዋ ነው። ጠያቂው የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ሰብሳቢ ናቸው። ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ትምህርት ቤታችን ሁለት ብሎክ፣ ስምንት መማሪያ ክፍል አለው። የአንዱ ብሎክ ግድግዳ ተሰነጣጥቋል። የሁለቱም ጣሪያ ያፈሳል። የወረዳው ምክር ቤት ለእድሳት በጀት አጽድቆልናል። ጨረታ ወጥቶ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተቋራጭ አሸንፏል። አሁን ውሉ ከሰኔ 30 በፊት ካልተፈረመ በጀቱ ተመላሽ ይሆናል፣ እናንተም ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሙ ብለውናል። ሰነዱ ላይ ያየነው ልስን፣ ቀለም፣ ጣሪያ መቀየርና የወለል ሊሾ ነው። ኅብረተሰቡ ያዋጣው ድንጋይና አሸዋ ግቢ ውስጥ ተከምሯል። ምክር ቤት አንዴ ካጸደቀው እኛ ምን ማለት እንችላለን? ብንፈርም ነገ ተጠያቂ እንሆናለን ወይ?»

ሰላም ለእርስዎና ለመላው ወላጅ። ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ማጽደቆች ተደባልቀዋል። መጀመሪያ እነሱን እንለያቸው።

የወረዳ ምክር ቤት የሚያጸድቀው በጀት ነው። «ለዚህ ትምህርት ቤት እድሳት ይህን ያህል ብር ይያዝ» ይላል፤ የእሱ ድርሻ እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ግዥ ነው፤ ግዥ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ጨረታውን የሚያወጣው የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ የግዥ ክፍል ነው፤ ብዙ ወረዳ ላይ «ፑል» የምንለው። ገምጋሚ ኮሚቴ የተወዳዳሪዎቹን ሰነድ ያያል። የግዥ አጽዳቂ ኮሚቴ ግምገማውን መርምሮ ወይ ያጸድቃል ወይ ይመልሳል። በመጨረሻ ውሉን የሚፈርመው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው። ስለዚህ «ምክር ቤቱ አጽድቆታል» ያሏችሁ ሰዎች አልዋሹም። ያጸደቀው ግን ገንዘቡን ነው። ይህ ተቋራጭ፣ በዚህ ዋጋ፣ ይህን ሥራ ይሥራ ብሎ የወሰነ ምክር ቤት የለም።

ሕጉን ማየት ከፈለጉ፣ በፌዴራል ደረጃ ለዓመታት ሲሠራበት የነበረው የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ነው። በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1333 ተክቶታል። ክልሎች የየራሳቸው አዋጅና መመሪያ አላቸው። አካሄዱ ይመሳሰላል፤ የገንዘብ ጣሪያው ይለያያል። የእናንተን ክልል መመሪያ ከገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ጠይቀው ይመልከቱት። የሕዝብ ሰነድ ነው፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

አሁን ወደ ፊርማችሁ። ወመህ የግዥ አጽዳቂ አካል አይደለም። የእናንተ ፊርማ ውሉን ሕጋዊ አያደርገውም፤ ቢቀርም ውሉ አይፈርስም። ታዲያ ለምን ፈለጉት? ኅብረተሰቡ አውቆታል፣ ተቀብሎታል ለማለት ነው። የሕዝብ መዋጮ ያለበት ሥራ ስለሆነም ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ያንብቡ። «በውሉ ይዘት ተስማምተናል» የሚል ዓረፍተ ነገርና «ስለ ውሉ ገለጻ ተደርጎልን የሚከተሉትን አስተያየቶች ሰጥተናል» የሚል ዓረፍተ ነገር በጣም ይራራቃሉ። ሁለተኛውን ያስጽፉ። ከሥሩ አስተያየታችሁን አንድ በአንድ ይዘርዝሩና ከዚያ ይፈርሙ። ኮፒውን ትምህርት ቤቱ ፋይል ውስጥ ያስቀምጡ። ተጠያቂነት የሚመጣው ላላያችሁት ነገር «አይተናል»፣ ላልተሠራ ነገር «ተሠርቷል» ብላችሁ ስትፈርሙ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ማን ያጸድቀዋል የሚለው አይደለም። ምኑን ነው የሚያጸድቁት የሚለው ነው።

የሥራ ዝርዝሩን፣ እኛ ቢል ኦፍ ኳንቲቲ የምንለውን፣ ኮፒ ይጠይቁ። ሰነዱን ይዘው ከርእሰ መምህሩና ከጥበቃው ጋር ሕንፃውን ይዙሩ። ጥበቃው አይቅር። ዝናብ የት እንደሚገባ፣ ውኃ የት እንደሚተኛ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

በተለይ የተሰነጠቀው ብሎክ ጋ ቆም ይበሉ። ከነገሩኝ ዝርዝር ውስጥ ለግድግዳው ያለው ልስንና ቀለም ብቻ ነው። ይህ ልቤን አሳመመው፤ ምክንያቱም እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት እንዲህ ያለ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። በነሐሴ ለስነን፣ ቀለም ቀብተን አስረከብን። ያምር ነበር። በጥር ስመለስ ስንጥቁ በዚያው መስመር፣ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ላይ እያጋደለ፣ አዲሱን ልስን ቀዶ ወጥቷል። እዚያ ያስተምሩ የነበሩ አንዲት መምህርት ያኔ የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ይሄ በር እኮ ክረምት ክረምት አልዘጋም ይለናል፣ በጋ ሲሆን መልሶ ይዘጋል» አሉኝ። ምርመራው በሙሉ እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበር። ዝርዝሩን ሳዘጋጅ ግን ማንንም አልጠየቅሁም ነበር።

ያ በር የነገረን ስለ አፈሩ ነው። ጥቁር አፈር፣ ዋልካ፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ እርሻ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያሳየን ያው አፈር ነው። መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው ሕንፃው ከአፈሩ ጋር ይነሳል፣ ይወርዳል። ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው ደግሞ ውኃው ከግድግዳው ሥር ይወርድና እዚያው ይተኛል። አጠገቡ ባሕር ዛፍ ካለ በበጋ የቀረውን እርጥበት ይመጥጠዋል። አንዱ ጥግ ያብጣል፣ ሌላው ጥግ ይወርዳል፣ ግድግዳው መሃል ላይ ይቀደዳል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ልስን የወረዳውን ገንዘብ ይበላል እንጂ ስንጥቁን አይነካውም።

የእናንተ ስንጥቅ የሚንቀሳቀስ ይሁን የቆመ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከክፍሉ ውስጥ በኩል፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ፣ ስንጥቁ ላይ ቀለሙን ፍቀው አንድ መዳፍ የሚያህል ስስ ጀሶ አቋርጠው ይለጥፉበት። ሲደርቅ በእርሳስ ቀኑን ይጻፉበት። ሁለት ሦስት ቦታ ያድርጉት፤ ከላይም ከታችም። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ክረምትና በጋ ካለፈበት በኋላም ደህና ከሆነ ስንጥቁ የቆየ ነው፤ ሞልቶ መለሰን ይቻላል። ከዚሁ ጋር የግንባታ ጽሕፈት ቤቱ መሐንዲስ መጥቶ አንድ ጥግ ላይ ጉድጓድ አስቆፍሮ መሠረቱን እንዲያይ ይጠይቁ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ጣሪያውም የራሱ ጉድ አለው። ሰነዱ «ቆርቆሮ መቀየር» ብቻ ካለ ጌጁ፣ ማለትም የውፍረቱ ቁጥር፣ ስንት እንደሆነ ይፈልጉ። በጌጅ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 32 ከ28 የሳሳ ነው። ጌጅ ያልተጻፈበት ውል ላይ የሚመጣው ገበያ ላይ ያለው ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ተቋራጩንም መውቀስ አይቻልም። ከሥር ያለውን እንጨት ደግሞ በምስማር ይፈትሹት። ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጫን ሲያደርጉት ምስማሩ ዝም ብሎ ከገባ ምስጥ ወይም እርጥበት በልቶታል። ዝርዝሩ ውስጥ የእንጨት መቀየሪያ ከሌለ አዲስ ቆርቆሮ በበሰበሰ ሞራሌ ላይ ሊመታ ነው ማለት ነው።

የሚነቀለው አሮጌ ቆርቆሮና እንጨትስ የማን ነው? የትምህርት ቤቱ ነው፤ የመንግሥት ንብረት ነው። ተቆጥሮ፣ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኖ፣ መጋዘን መግባት አለበት። ብዙ ጊዜ ሠራተኞቹ በጋሪ ጭነው ሲወጡ ነው ሰው የሚነቃው። ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ተቋራጩ የተነቀለውን ቁሳቁስ ለትምህርት ቤቱ በቆጠራ ያስረክባል።

አሁን ወደ ድንጋዩና አሸዋው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር እዚህ ላይ አለ። ተቋራጩ ለድንጋይ ሥራና ለልስን የሰጠው ዋጋ በራሱ ድንጋይና በራሱ አሸዋ ይሁን በእናንተ፣ ሰነዱ ላይ ተለይቶ ተጽፏል ወይ? ካልተጻፈ ዋጋው ቁሳቁሱን ጨምሮ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ሕዝቡ በአህያና በትከሻ ያመጣውን ድንጋይ ወረዳው ለተቋራጩ መልሶ ሊከፍልበት ነው። ክፋት ላይኖርበት ይችላል፤ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ግቢው ውስጥ ያለውን ክምር አላየውም ይሆናል። ስለዚህ ክምሩን በሜትር ኩብ ይለኩት፣ ፎቶ ያንሱት፣ ቃለ ጉባኤው ላይ መጠኑን ይጻፉት። ከውሉ ላይ እንዲቀነስ ይጠይቁ። ለሌላ ሥራ፣ ለምሳሌ ለውኃ ማፋሰሻው ይዋል ካላችሁም ይህንኑ ይጻፉ።

ዝቅተኛ ዋጋ ማሸነፉ በራሱ ችግር አይደለም። ሕጉ የሚለው የሚጠየቀውን ያሟላና ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፍ ነው። ከመሐንዲሱ ግምት በጣም ወርዶ ከሆነ ግን ገምጋሚው «እንዴት ትሠራዋለህ?» ብሎ ማብራሪያ መጠየቅ አለበት። እናንተ ጠቅላላ ድምሩን ትታችሁ የየሥራውን ነጠላ ዋጋ እዩ። ማፍረስና መቆፈር ላይ በጣም ከፍ ያለ፣ ጣሪያና ማጠናቀቂያ ላይ በጣም የወረደ ዋጋ ካለ ጠንቀቅ በሉ። እንዲህ ያለ ተቋራጭ ክፍያውን መጀመሪያ ላይ ሰብስቦ መጨረሻ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ሁሉም ተወዳዳሪ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ ነው ያወዳደረው ወይስ አንዱ ጨምሮ ሌላው ትቶ የሚለውንም ይጠይቁ። ተራ ነገር ይመስላል፤ አሸናፊ የሚቀይርበት ጊዜ አለ።

ቅድመ ክፍያ ሲሰጥ ዋስትና ይያዛል። በፌዴራሉ የ2002 መመሪያ ቅድመ ክፍያ ከውሉ ዋጋ 30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ የውል ማስከበሪያ ደግሞ ከ10 በመቶ እንዳያንስ ተደንግጎ ነበር። አሸናፊው በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀ ማኅበር ከሆነ ካደራጀው ጽሕፈት ቤት የዋስትና ደብዳቤ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ የተፈቀደ ነው። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ መኖሩን ብቻ አረጋግጡ።

ታዲያ ጉድለት ካገኛችሁ ውሉ አሁን ይስተካከላል ወይ? እዚህ ላይ ወረዳውን አትጫኑት፤ እጁ የታሰረበት ነገር አለ። ጨረታ ከተከፈተ በኋላ ከአሸናፊው ጋር በዋጋ መደራደር፣ ወይም ሥራውን ከመሠረቱ ቀይሮ መፈረም አይቻልም። የተሸነፉት ተወዳዳሪዎች ሌላ ሥራ ነው የተወዳደሩት ብለው ይከሳሉ፤ እውነት አላቸው። ትንሽ ለውጥ፣ ለምሳሌ የድንጋዩ ቅናሽ ወይም ጥቂት ተጨማሪ ሞራሌ፣ ከፊርማው በኋላ በለውጥ ሥራ ትእዛዝ፣ እኛ ቫሪዬሽን በምንለው፣ በውሉ ነጠላ ዋጋ ሊስተካከል ይችላል። የመሠረት ጥገና ካስፈለገ ግን ያ ሌላ ሥራ ነው። እሱን በቫሪዬሽን ማስገባት አይገባም። አጽዳቂ ኮሚቴው መመለስ አለበት፣ ወይም ለብቻው በሌላ ዓመት ይያዝ። ሥራውን ቆራርጦ በፕሮፎርማ፣ ማለትም ያለ ግልጽ ጨረታ በዋጋ ማቅረቢያ ብቻ፣ መግዛት ደግሞ ግዥ መከፋፈል ይባላል፤ የተከለከለ ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። የሁለቱ ብሎኮች ጣሪያ ዘንድሮ ይሠራ። የደህናው ብሎክ ወለልና ቀለም ይሠራ። የተሰነጠቀው ብሎክ ልስንና ቀለም ይቅር። ያ የተረፈ ገንዘብ፣ ውሉ ውስጥ የሚያስኬድ ነጠላ ዋጋ ካለ፣ ለአሸንዳና በግድግዳው ዙሪያ ለሚሠራ የውኃ ማፋሰሻ ይዋል። ውኃው ከግድግዳው ሥር ሳይወገድ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ወላጆች «ቀለሙስ?» ይሏችኋል። አስረዷቸው። ክፍሉ ዘንድሮ ባያምርም ልጆቹ ደረቅ ወለል ላይ ይቀመጣሉ።

ሰኔ 30ን በተመለከተ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ ጥድፊያው የሚገባ ነው። የወረዳ ባለሙያዎች ሰኔን እንዴት እንደሚያሳልፉት አውቃለሁ፤ እንቅልፍ የላቸውም። ግን በዚህ ጥድፊያ ውስጥ አንድ ነገር በፍጹም እንዳትቀበሉ። «በጀቱ እንዳይቃጠል» ተብሎ ያልተሠራ ሥራ ተሠርቷል የሚል የክፍያ ሰርተፍኬት ወይም የርክክብ ሰነድ ከመጣላችሁ አትፈርሙ። የጠየቁኝ ተጠያቂነት የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ውል መፈረም አንድ ነገር ነው። ያልገባ ቆርቆሮ ገብቷል ማለት ሌላ ነው፤ ያ ወንጀል ነው።

በሰኔ ሃያዎቹ የተፈረመ ውል የሚጀመረው በሐምሌ ነው። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ጥሩ። ሰማዩ ግን ክፍት ነው። ስለዚህ የሥራ መርሐ ግብሩ ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ አንድ ብሎክ በአንድ ጊዜ፣ በቀን የሚሸፈነውን ያህል ብቻ እየተከፈተ። መጻሕፍቱና ዴስኮቹ ወዴት እንደሚዛወሩ አሁን ወስኑ። ልስኑ በደንብ ሳይደርቅ ቀለም እንዳይቀባ። በመስከረም ካላለቀ የትኞቹ ክፍሎች በፈረቃ እንደሚያስተምሩ ርእሰ መምህሩ ከወዲሁ ያስቡበት።

ክትትሉን ማን እንደሚሠራ በስም ይጻፍ። ለወረዳው ሁሉ አንድ መሐንዲስ ካለ በየቀኑ ሊመጣ አይችልም። አንድ መምህር ወይም ወላጅ ደብተር ይዞ ይመዝግብ፤ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ ገባ፣ ምን ያህል ሰው ሠራ፣ ዝናብ መቼ አቆመው። አሸዋና ሲሚንቶ በሳጥን ይለካ፣ በአካፋ አይገመት። የሚሸፈን ነገር ሁሉ፣ የጣሪያው እንጨት ከቆርቆሮው በፊት፣ የወለሉ ድንጋይ ከሊሾው በፊት፣ መሐንዲሱ ሳያየው አይሸፈን። ጊዜያዊ ርክክብ ከተደረገ በኋላ እስከ መጨረሻው ርክክብ ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ ጉድለት ከታየ ተቋራጩ በራሱ ወጪ ያስተካክላል። ለዚህም ከክፍያው ላይ መያዣ ይቀራል። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ክረምት ሲገባ ጣሪያው ሥር ቆመው ይዩ፤ የሚያፈስ ካለ መያዣው ሳይለቀቅ በደብዳቤ ያሳውቁ።

ነገ ጠዋት የሚያደርጉትን ልንገርዎት። ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ግልባጭ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ። ከፊርማው በፊት የግዥ፣ የግንባታና የትምህርት ባለሙያዎች ከወመህ ጋር ሆነው ግማሽ ቀን ሕንፃውን በሥራ ዝርዝሩ እንዲያዩ ይጠይቁ። ስንጥቁን፣ የቆርቆሮውን ጌጅ፣ የድንጋዩን ክምር በስም ይጥቀሱ። ቁጣ አይኑርበት። ብዙዎቹ ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳቸው እፎይ ይላሉ፤ የሚያስቡትን በጽሑፍ የሚያነሳላቸው ሰው አግኝተዋልና። ለደብዳቤው የገቢ ቁጥር ይቀበሉ።

ጀሶውን ግን ዛሬውኑ ይለጥፉት። ውሉ ቢፈረምም ባይፈረምም፣ ያ ግድግዳ በጥር የት እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልጋችኋል። ቀኑን መጻፍ አይርሱ።